«አስመሳይ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ትክክለኛውን ቃል የመምረጫ መመሪያ

«አስመሳይ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዱ የአቤቱታ ደብዳቤ እየጻፈ ይጠይቃል። ሌላዋ ታሪክ እየተረጎመች። አንዳንዱ ደግሞ ተናዶ፣ ሊልከው ያሰበውን መልእክት ከፍቶ ነው የሚጠይቀው። መልሴ ሁሌም ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሰውየው ምን አደረገ?

የታመመ መስሎ ከሥራ የቀረ፣ ሐኪም ነኝ ብሎ የሰው ገንዘብ የበላ፣ ከአንገት በላይ የሚስቅ፣ የራሱ ባልሆነ አነጋገር የሚንቀባረር፤ እኛ ሁሉንም «አስመሳይ» እንላቸዋለን፤ እንግባባለንም። እንግሊዝኛ ግን ለአራቱም የተለያየ ቃል አለው። አንዱን በሌላው ቦታ ካስገባችሁ ወይ ያልሠራውን ወንጀል ትለጥፉበታላችሁ፣ ወይ ወንጀሉን ቀልድ ታደርጉለታላችሁ።

እንግሊዝኛዎቹን በእኛ ፊደል የጻፍኳቸው አነባበባቸው ጆሮ እንዲገባ ነው። ስፔሊንጋቸውን መዝገበ ቃላት ላይ እዩ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት። ኦክስፎርድ፣ ኬምብሪጅና ሎንግማን ሦስቱም ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ። «ለተማሪ የተዘጋጀ» ያልኩት ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ስለሚሰጥና ቃሉ ከየትኛው መስተዋድድ ጋር እንደሚሄድ ስለሚያሳይ ነው።
- ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ።
- ልትተረጉሙት የፈለጋችሁት ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ቃሉ ብቻውን አይበቃም።
- የትርጉም አፕ። ግን ለጊዜው ዝጉት፤ የሚጠቅመን መጨረሻ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ቃሉን ተዉትና ድርጊቱን ጻፉ

«አስመሰለ»፣ «አታለለ»፣ «ሸወደ» ሳትሉ የሆነውን ነገር ጻፉ። ማን፣ ማንን፣ ምን አደረገ? ምን አገኘበት? «ሸወደኝ» ከማለት ይልቅ «የተበላሸ ስልክ ደህና ነው ብሎ ሸጠልኝ» በሉ።

ይህ የሚያስፈልገው «ሸወደ» ከጨዋታ እስከ ዝርፊያ ድረስ ስለሚዘረጋ ነው። በእግር ኳስ ተከላካይ ይሸወዳል፤ በገበያ ላይ ገዢ ይሸወዳል። ድርጊቱ ሲጻፍ ግን ቃሉ ግማሹን መንገድ ራሱ ይመጣል።

እግረ መንገዳችሁን «መሰለ»ን ከ«አስመሰለ» ለዩ። «የደከመው ይመስላል» ስትሉ ግምቱ የእናንተ ነው፤ ሰውየው ምንም አላደረገም። እሱ «ሂ ሲምስ ታየርድ» ነው። «እንደደከመው ያስመስላል» ካላችሁ ግን አውቆ ነው የሚያደርገው፤ «ሂ ፕሪቴንድስ ቱ ቢ ታየርድ»። «መስሎ» የምትለዋ ቃል በአማርኛ ሁለቱንም ስለምትሸከም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ደረጃ 2፦ የተጎዳ ሰው አለ?

ከሌለ፣ ከባዶቹን ቃላት አትንኩ። ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ «ፕሪቴንድ» ያደርጋሉ፤ ጨዋታው «ሜክ ቢሊቭ» ይባላል። ጓደኛችሁ ሲፎግራችሁ «ሂ ኢዝ ኪዲንግ» ወይም «ሂ ኢዝ ፑሊንግ ዩር ሌግ» ነው። የሰው ስሜት ላለመጉዳት የተነገረች ትንሽ ውሸት «ዋይት ላይ» ናት።

የተጎዳ ሰው ካለ የሚከተሉትን አስቡ፦

- «ትሪክ»፦ በዘዴ ማታለል። ጉዳቱ ትንሽም ትልቅም ሊሆን ይችላል።
- «ቺት»፦ ደንብ ጥሶ ወይም እምነት አፍርሶ መጠቀም። ኩረጃ እዚህ ይገባል፤ በትዳር ላይ መማገጥም እንዲሁ።
- «ኮን»፦ መጀመሪያ አምኖት እንዲጠጋው አድርጎ፣ ከዚያ መብላት።
- «ስካም»፦ ገንዘብ ለመብላት የተዘጋጀ ማጭበርበሪያ። የዘወትር ቃል ነው፤ ሰሚው ሁሉ ይረዳዋል።
- «ፍሮድ»፦ ይኸው ነገር በሕግ ዓይን። በማመልከቻና በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ የምታገኙት ይህን ነው።
- «ሆክስ»፦ ብዙ ሰው እንዲያምነው ተፈብርኮ የተነዛ የሐሰት ነገር። ገንዘብ ላይኖርበት ይችላል።

«ዲሲቭ» ከላይ ያሉትን በሙሉ በደምሳሳው ይይዛል፤ ግን ጠንከር ያለ፣ የጽሑፍ ቃል ነው። በተራ ወሬ መሀል ስታስገቡት እንደ ስብከት ይሰማል።

ደረጃ 3፦ ምኑ ነው የውሸት?

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ቀስ በሉ። የውሸት የሆነው ስሜት ነው? ማንነት ነው? ዕቃ ነው? ወይስ ጠባይ?

*ስሜት ወይም ሁኔታ ከሆነ።* ሁሌም የማያሳፍራችሁ ቃል «ፕሪቴንድ» ነው። «ፌክ» የንግግር ቃል ነው፤ «ፌክድ ኤን ኢልነስ» ማለት ታምሜያለሁ ብሎ አታለለ ነው። «ፌይን» ይህንኑ በጽሑፍ ቋንቋ ይላል፤ ስፔሊንጉ ውስጥ ያለችው ጂ አትነበብም። ይህ ቃል የሚወዳቸው ጓደኞች አሉት፦ ድንጋጤ፣ አለማወቅ፣ ሕመም፣ ፍላጎት። እያወቀ እንደማያውቅ የሚሆነውን ሰው «ፕሌይስ ዳም» በሉት። የአዞ እንባ በእንግሊዝኛም የአዞ እንባ ነው፤ «ክሮኮዳይል ቲርስ»። በቃል ደግፎ በተግባር ምንም የማያደርግ ደግሞ «ፔይስ ሊፕ ሰርቪስ» ይባላል። «ከአንገት በላይ» ለምንለው ሰፋ ያለው ቅጽል «ኢንሲንሲር» ነው።

*ማንነት ከሆነ።* «ፖዝ አዝ» ያልሆኑትን ነኝ ብሎ መቅረብ ነው፤ «ሂ ፖዝድ አዝ ኤ ዶክተር»። «ኢምፐርሶኔት» አንድን የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን መምሰል ነው፤ ፖሊስ ነኝ ብሎ ለሚያስፈራራ ሰው ይህ ይስማማል። ኮሜዲያን የታዋቂ ሰው ድምፅ ሲያስመስልም ይኸው ቃል ነው፤ ወንጀል መሆን አለመሆኑን የሚነግራችሁ አውዱ ነው። ሰውየው ራሱ «ኢምፖስተር» ይባላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ «ኢምፖስተር ሲንድሮም» ያለበት ሰው አታላይ አይደለም። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1978 እ.ኤ.አ. የገለጹት ስሜት ነው፤ ችሎታው እያለው «አንድ ቀን ይነቃብኛል» ብሎ የሚሰጋ ሰው ስሜት። እንዲህ ያለውን ሰው «ኢምፖስተር» ብላችሁ ከጠራችሁት የፈራውን ነገር ነገራችሁት ማለት ነው።

*ዕቃ ወይም ሰነድ ከሆነ።* እዚህ ጋ «ፎርጅድ» የሚለውን ቃላችንን እንጠንቀቀው። እኛ ፎርጅድ ስልክ፣ ፎርጅድ ጫማ፣ ፎርጅድ ዲግሪ እንላለን። በእንግሊዝኛ «ፎርጅድ» የሚሆነው ፊርማ፣ ሰነድ፣ ፓስፖርት፣ ሥዕል ወይም ገንዘብ ነው። «ፎርጅድ ስልክ» ብትሏቸው ግራ ይጋባሉ፤ ምክንያቱም ከብረት ጋር ሲሆን ይህ ቃል «በእሳት ተቀጥቅጦ የተሠራ» ማለት ነው። እንዲያውም ለብረት ሙገሳ ነው! ለስልኩና ለጫማው «ፌክ» ወይም «ካውንተርፊት» በሉ። «ካውንተርፊት» የታወቀ ምርትን ወይም ገንዘብን አስመስሎ ለተሠራ ነገር ነው። «ቦገስ» መሠረት ለሌለው ነገር ይሆናል፤ ለምሳሌ ለሐሰት የካሳ ጥያቄ። «ሻም» ደግሞ ስሙ ብቻ ኖሮ ውስጡ ባዶ ለሆነ ነገር፤ ለመኖሪያ ፈቃድ ብቻ የተፈጸመ ጋብቻ «ሻም ማሬጅ» ይባላል።

ማንንም የማያታልሉ የውሸት ነገሮችም አሉ። ሰው ሠራሽ አበባ «አርቲፊሻል»፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ «ፎልስ ቲዝ»፣ ሞዴል ፈተና «ሞክ ኤግዛም» ነው። ሞዴል ፈተናን «ፌክ ኤግዛም» ብትሉት ተማሪው የተጭበረበረ ይመስላል።

*ጠባይ ከሆነ።* እዚህ ላይ ያሉት ቃላት ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

«አፌክትድ» ተፈጥሯዊ ያልሆነ፣ ተብሎ የሚደረግ አነጋገር፣ አሳሳቅ ወይም አረማመድ ነው። ልማዱ ራሱ «አፌክቴሽን» ይባላል። በንግግር ግን «ኢትስ ፑት ኦን» ማለት ይቀላል።

«ፕሪቴንሸስ» ከሆነው በላይ አዋቂ፣ ጥልቅ ወይም የተመረጠ ለመምሰል የሚጥር ነው። ለሰውም፣ ለጽሑፍም፣ ለፊልምም ይሆናል። አንድ ሰው ቀላል ሐሳብ በከባድ ቃል ቢጠቀልልባችሁ ይህን ቃል አውጡ።

«ፑት ኦን ኤርስ» ከሌላው በላይ ነኝ ብሎ መንቀባረር ነው። «ሾው ኦፍ» ደግሞ ያለውን የሚያሳይ ጉረኛ ነው። ልዩነቱን ያዙ፦ ሾው ኦፍ የሚያደርገው ሰው መኪናው የራሱ ሊሆን ይችላል። ጉራ ነው እንጂ ውሸት አይደለም። የሌለውን አለኝ ብሎ ሌላውን ለማስፈራራት ወይም ለማሳመን የሚሞክረው ግን «ብለፊንግ» ላይ ነው።

«ሂፖክሪት» ግብዝ ነው፤ ሌላውን የሚከለክለውን ነገር ራሱ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ አስመሳይ አይሆንም። አውቆ ከሚተኛው ሰው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የሚመጻደቀው «ሳንክቲሞኒየስ» ነው። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤውን «ቱ ፌስድ» በሉት፤ ቅቤውን ከነጩቤው ቃል በቃል ለመተርጎም አትሞክሩ።

ደረጃ 4፦ አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ?

«ላይ» ውሸት መሆኑን እያወቁ መናገር ነው። «ሚስሊድ» ሰውን ወደ ተሳሳተ ግምት መውሰድ ነው፤ ሳይታሰብም ሊሆን ይችላል፤ እውነት ብቻ ተናግሮም ይቻላል። «ይህ መኪና ባለፈው ወር አንድም ቀን አልተበላሸም» ያለ ሻጭ ዕውነቱን ነው፤ መኪናው ወሩን ሙሉ ቆሞ ከነበረ ግን አሳስቷል። ስለዚህ «ሂ ላይድ» ካላችሁ ማስረዳት ይከብዳችኋል፤ «ኢት ዎዝ ሚስሊዲንግ» ካላችሁ ግን ማንም አይከራከራችሁም።

«ዲሲትፉል» እና «ዲሴፕቲቭ» እዚሁ ይለያያሉ። የመጀመሪያው የሰው ጠባይ ነው፤ አታላይ። ሁለተኛው በአብዛኛው ለነገር ይሆናል፤ መልኩ ያታልላል ለማለት። ጸጥ ያለ ግን ጥልቅ ወንዝ ዲሴፕቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ወንዙ ግን ተንኮል አላሰበም።

በዚህ አጋጣሚ፣ «ጋስላይቲንግ» ሰሞኑን ለማንኛውም ውሸት እየዋለ ነው። ሜሪአም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት በ2022 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቃል ካለው ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ዋናው ፍሬ ነገሩ ሰውን የራሱን ትውስታና አእምሮ እንዲጠራጠር ማድረግ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተደጋግሞ የሚፈጸም። አንዴ የዋሸን ሰው «ላይድ» ይበቃዋል።

ደረጃ 5፦ የምትጽፉት ለማን ነው?

ለጓደኛ ከሆነ «ፌክ»፣ «ፎኒ» (የውሸት፣ አስመሳይ)፣ «ስካም» ይሄዳሉ። ለመሥሪያ ቤት ከሆነ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ መረጃው ጻፉ። «ዩ ዲሲቭድ ሚ» ብላችሁ ከጀመራችሁ አንባቢው መከላከል ይጀምራል። «ዚ ኢንፎርሜሽን ዎዝ ሚስሊዲንግ» ስትሉ ግን ጥፋቱን ታሳያላችሁ፣ በሩንም አትዘጉም።

ማስጠንቀቂያ፦ በስም የተጠቀሰን ሰው «ፍሮድ» ብሎ በአደባባይ መጻፍ የወንጀል ክስ እንደማሰማት ነው። ማስረጃ ከሌላችሁ የስም ማጥፋት ጣጣ ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ። የሆነውን ብቻ ጻፉ።

ደረጃ 6፦ መስተዋድዱን አስተካክሉ

ትክክለኛውን ቃል መርጦ እዚህ የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው። ጥፋተኛው አማርኛችን ነው፤ «ዋሸኝ»፣ «አታለለኝ» ስንል ተጎጂውን ግሱ ላይ ስለምንለጥፈው ሁሉም ግስ አንድ ዓይነት ይመስለናል።

- «ላይ» የተዋሸው ሰው ሲጠቀስ «ቱ» ይፈልጋል። «ሂ ላይድ ቱ ሚ» ነው እንጂ «ሂ ላይድ ሚ» አይደለም።
- «ዲሲቭ» በተቃራኒው «ቱ» አይወድም። «ሂ ዲሲቭድ ሚ» ብላችሁ አቁሙ።
- አታሎ አንድ ነገር *ካስደረገ* «ኢንቱ» እና በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ተጠቀሙ። አታለው አስፈረሙት፦ «ዘይ ትሪክድ ሂም ኢንቱ ሳይኒንግ»። በ«ፉል» (ማሞኘት)፣ በ«ኮን» እና በ«ዲሲቭ»ም ይሠራል።
- አታሎ አንድ ነገር *ከወሰደ* «አውት ኦፍ» ነው። አታለው ገንዘቧን በሉባት፦ «ዘይ ኮንድ ሄር አውት ኦፍ ሄር መኒ»።
- «ቺት ኦን» ከሰው ጋር ሲሆን መማገጥ ነው። ፈተና ከሆነ አሜሪካኖች «ኦን»፣ እንግሊዞች «ኢን» ይላሉ።
- «ፕሪቴንድ» ከ«ቱ» ወይም ከ«ዛት» ጋር ይሄዳል። እንዳልሰማች ሆነች፦ «ሺ ፕሪቴንድድ ኖት ቱ ሂር»።

ከተጎጂው ወገን ያሉትንም ያዙ። ተሸወድኩ ለማለት «አይ ፌል ፎር ኢት»። ነቃሁበት ለማለት «አይ ሶው ስሩ ሂም»።

ደረጃ 7፦ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አምጡት

አሁን የትርጉም አፑን ክፈቱ። የጻፋችሁትን እንግሊዝኛ አስገቡና የሚሰጣችሁን አማርኛ ደረጃ 1 ላይ ከጻፋችሁት ድርጊት ጋር አስተያዩ። ወንጀሉ ከብዶ ወይም ቀልሎ ከመጣ ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ እንደገና እዩት። አፑ ዳኛ አይደለም፤ እንደገና እንድታዩ ብቻ ነው የሚጠቅማችሁ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

«ፕሪቴንድ አዝ ኢፍ» የሚለው ከሁሉ ይበዛል። «እንደ… ሆነ» የሚለው አማርኛ ነው የሚጎትተን። ወይ «ፕሪቴንድ ዛት» በሉ፣ ወይ «አክት አዝ ኢፍ»። ሁለቱን አትቀላቅሉ። «ፕሪቴንድድ ስሊፒንግ»ም አይባልም፤ «ፕሪቴንድድ ቱ ቢ አስሊፕ» ነው።

አስመሳይን «ፕሪቴንደር» ማለት። ቃሉ አለ፤ ግን ብዙ ጊዜ ዙፋን ወይም ማዕረግ ይገባኛል ለሚል ሰው ነው። ለተራው አስመሳይ «ፌክ» ወይም «ፎኒ» ይሻላል።

«አፌክቴሽን»ን ከ«አፌክሽን» መቀላቀል። ሁለተኛው ፍቅር ነው። ልትነቅፉት ያሰባችሁትን ሰው አፍቃሪ አድርጋችሁ ታርፉታላችሁ። «አፌክትድ»ም ራሱ ከአደጋ ወይም ከበሽታ ጋር ሲመጣ «የተጎዳ» ማለት ነው፤ «አፌክትድ ኤርያ» የሚንቀባረር ሰፈር አይደለም።

«ዲሲት» (ማታለል) ላይ የሌለች ፒ መጨመር። «ሪሲት» (ደረሰኝ) ውስጥ የማትነበብ ፒ ስላለች ነው ሰው የሚሳሳተው። በ«ዲሲቭ» እና በ«ዲሲት» ደግሞ ከሲ ቀጥሎ ኢ ትቀድማለች፣ አይ ትከተላለች።

«ሚስሌድ»ን «ማይዝልድ» ብሎ ማንበብ። የ«ሚስሊድ» ኃላፊ ጊዜ ነው እንጂ ሌላ ግስ አይደለም።

ልምምድ

መልሱን ሸፍናችሁ ሞክሩ።

1. ሲያየኝ እንዳላየ ሆኖ አለፈ።
2. ማስታወቂያው ውሸት የለበትም፤ ግን ያሳስታል።
3. ፊርማዬን አስመስሎ ፈረመ።
4. አትዋሹ እያለ እሱ ይዋሻል።
5. አነጋገሩ የራሱ አይደለም፤ ሆን ብሎ ነው።
6. አታሎ አስፈረመኝ፤ ገንዘቤንም በላኝ።

መልስ፦

1. «ሂ ፕሪቴንድድ ኖት ቱ ሲ ሚ»።
2. «ዚ አድ ኢዝ ሚስሊዲንግ»። «ላይ» እዚህ አይገባም።
3. «ሂ ፎርጅድ ማይ ሲግኔቸር»። እዚህ ፎርጅድ በትክክለኛ ቦታው ነው።
4. «ሂ ኢዝ ኤ ሂፖክሪት»።
5. «ሂዝ አክሰንት ኢዝ ፑት ኦን»፤ በጽሑፍ ከሆነ «አፌክትድ»።
6. «ሂ ትሪክድ ሚ ኢንቱ ሳይኒንግ ኤንድ ቺትድ ሚ አውት ኦፍ ማይ መኒ»። ማስደረጉ በ«ኢንቱ»፣ መውሰዱ በ«አውት ኦፍ»። ይህንኑ ለፖሊስ ወይም ለጠበቃ የምትጽፉ ከሆነ ቀኑን፣ የተፈረመውን ወረቀትና የገንዘቡን መጠን ጨምሩበት፤ «ፍሮድ» መሆን አለመሆኑን እነሱ ይወስኑ።